ጨርቁ እስኪወርድ

ሟቹ የተገኘው በአሥራ ስምንት የራሱ ቅርፆች መካከል ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ «ጄሶ» የሚለው ይህ ቀራጺ፣ ሐኪሞች «ሳንባህ ከስድስት ወር በላይ አይወስድህም» ካሉት ጊዜ ጀምሮ በየወሩ ገላውን በእርጥብ ጄሶ እየለበጠ፣ ቅርፁን አውጥቶ በግድግዳው ዙሪያ ያቆመው ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ ቦርጫም ነው። አሥራ ስምንተኛው ኮት መስቀያ ይመስላል። ያልተለበጠው አሥራ ዘጠነኛው አልጋው ላይ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል።

«ስድስት ወር ብላችሁት አሥራ ስምንት ወር ኖረ?» አለ መርማሪው።

«ግትር ነበር» አለ ሐኪሙ፣ እንደ በደል ቆጥሮበት።

መርማሪውን መሥሪያ ቤቱ «ጋሽ ቆይ» ይለዋል። ለምስክርም፣ ለአለቃም፣ ለሚሄድ አውቶቡስም የሚለው ይህንኑ አንድ ቃል ስለሆነ ነው።

ሐኪሙ የማስታገሻ ጠብታውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየው። «ከሚገባው በላይ ጎድሏል። የምትሰጠው እህቱ ናት። ሰው አልወነጅልም፤ ግን ትናንት ማታ የሞት ማስረጃውን ፈርም ቢሉኝ አልፈረምኩም።»

ጋሽ ቆይ ጠርሙሱን ትቶ ትራሱን አገላበጠ። የትራስ ልብሱ በደረቀ ቡናማ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። አሸተተው። ከዚያ በሩ አጠገብ ወዳለው የኦክስጅን ማሽን ሄደ። ከበላዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ ረጅም የቁጥር ዓምድ አለ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በከንፈሩ ቀነሳቸው፤ ደግሞ ቀነሳቸው።

እህትየው ወጥ ቤት ነበረች። ወንድሟ «እታለም» ስለሚላት ሰፈሩም «እታለም» ይላታል። እጆቿን ጭኖቿ መካከል ቀብራ ተቀምጣለች።

«በእኔ እጅ ነው የሞተው?»

«ቆይ፣ እታለም። መቼ አገኙት?»

«ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳይ ቆጣሪ አለው። ማጣሪያው የሚቀየርበት ጊዜ እንዳያልፍብኝ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ላይ እጽፈዋለሁ። የተኛ መስሎኝ መጀመሪያ ቁጥሩን ጻፍኩ። ከዚያ ዞርኩ።»

«ማሽኑ ይሠራ ነበር?»

«ይጮህ ነበር እንጂ። ጠብታውን ስሰጠው እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጌታዬ። ደግሜ ሰጥቼው ይሆን? ሌሊቱን ሙሉ ይሄንኑ ስቆጥር አደርኩ።»

«ከቀትር እስከ አሥራ ሁለት አልገቡም?»

«ጨርቁ አልወረደማ!» ያልሰማ ሰው መኖሩ ገረማት። «ስለ ሕመሙ ፊልም የሚሠሩት ልጆች ሲቀርጹ በሩ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላሉ። የእኔ ነጠላ ጫማ ድምፅ ያበላሻል ተብሎ ጓሮ ነው የምቀመጠው። አሥር ሰዓት ላይ መጥቼ አየሁ፤ አለ። አሥራ አንድም አለ። አሥራ ሁለት ላይ ወርዶ ነበር፤ ገባሁ።»

«እንዲህ ረዝሞባቸው ያውቃል?»

«ልጅቷ ማስደገም ትወዳለች። መሞትን ራሱ አምስት ጊዜ አስደግማዋለች።»

ልጅቷ የተባለችው የፊልሙ ዳይሬክተር ነበረች። ካሜራውንም የምትይዘው ራሷ ናት፤ ጥቁር ለብሳ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ደግሞ የዘወትር ልብሷ ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስን። ወዲያው ታክሲ ይዤ ሄድኩ።»

«ጨርቁስ?»

«ረስቼው ይሆናል።»

«ፊልሙ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አለቀ እኮ» አለች፤ ከዚያ የገዛ አፏ ጎረበጣት። «ማለቴ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያው ሁለት ጊዜ ቀን አራዝሞልኛል። ሦስተኛ የለም። ስድስት ወር ተባለ፣ ለስድስት ወር አቀድኩ። እኔ ምን ላድርግ?»

«እሱስ ምን ያድርግ?» አላት።

ድምፅ ቀጂውን ግቢው ውስጥ መኪናው ላይ ተደግፎ አገኘው።

«ማሽኑ እየጮኸ ድምፅ አይቀዳም፣ ጋሼ። በራሱ በጄሶ ፈቃድ ለግማሽ ሰዓት እናጠፋዋለን። እንዳልረሳው ብዬ የመኪናዬን ቁልፍ ማሽኑ ላይ አስቀምጣለሁ። ቁልፌን ሳላነሳ አልሄድ፤ ሳነሳ ደግሞ አበራዋለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው በሰው ቤት ፍሪጅ ሲያጠፋ እንዲህ ያደርግ ነበር።»

«ትናንትስ?»

ድምፅ ቀጂው ጫማውን አየ። «ዕቃ ስጭን እሷ ቁልፉን ይዛልኝ መጣች። ‹ሂድ፣ የምትቀዳው ስብሰባ እንዳያመልጥህ› አለችኝ።»

«ማሽኑን አብርቻለሁ አለችህ?»

«አላለችም። ቁልፉን እጄ ላይ ሳገኘው… የበራ መሰለኝ።» ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቆይ። ከቀረጻው በፊት እሷና ጄሶ ምን ሲባባሉ ነበር?»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። አንተ ግን ሰው ደረት ላይ ማይክ የምትሰካ ሰው ነህ።»

«‹ሞቴን አትቀርጪም፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ› አላት። ‹የመጨረሻዋ ትንፋሽ የእታለም ናት።› እሷ ሳቀች። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ሳቋ ጥርስ ብቻ ነበር።»

«እስካሁን ለምን አልተናገርክም?»

«አልተጠየቅኩማ። ሥራዬ መስማት ነው።»

ጋሽ ቆይ አራቱንም ጄሶዎቹ መካከል ሰበሰባቸው። መቀመጫ ስለሌለ ቆሙ፤ ለእታለም ብቻ ወንበር አመጣ። በሩ ላይ አንዲት ፖሊስ ቆማለች።

«ከጠርሙሱ እንጀምር። ዶክተር፣ የጎደለው ጠብታ ትራሱ ላይ ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ ከሰውዬው ይልቅ ትራሱን ሲያክም ነው የከረመው።»

ሐኪሙ ትራሱን አየና ጠርሙሱን ኪሱ ከተተ።

«ቀጥሎ ግድግዳው። በቀን ግማሽ ሰዓት ስለሚጠፋ ቆጣሪው ሃያ ሦስት ሰዓት ተኩል መጨመር ነበረበት። ትናንት የጨመረው ሃያ አንድ ነው። ማሽኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ነበር። ቁጥሩን የጻፉት እታለም ናቸው፤ ያጠፋ ሰው ደግሞ ጥፋቱን በእርሳስ ግድግዳ ላይ አይመዘግብም።»

«መብራት ጠፍቶ ይሆናል» አለች ዳይሬክተሯ።

«ቆይ። መብራት ቢጠፋ የመኪና ቁልፍ አያነሳም። ይህ ልጅ ቁልፉን ካየ ማሽኑ በርቷል ብሎ እንደሚሄድ የምታውቂው አብረሽው የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ቁልፉን አነሳሽ፣ ማሽኑን ተውሽው።»

«ረሳሁት! ሰው አይረሳም?»

«ይረሳል። ጨርቁንም ረሳሁ ብለሻል። ግን የተረሳ ጨርቅ ራሱን አያወርድም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ አሥራ ሁለት ላይ የለም። ይህ ልጅ ስብሰባ ሲቀዳ ነበር፣ ደውዬ አጣርቻለሁ። እታለም እስኪወርድ ሲጠብቁ ነበር። አንቺ፣ እንዳልሽው ከሆነ፣ በታክሲ ሄደሻል። ታዲያ ማን አወረደው? ማሽኑንስ ማን መልሶ አበራው?»

ጋሽ ቆይ ከአልጋው እስከ ማሽኑ በእርምጃ ለካ።

«መነሳት ለማይችል ሰው ማሽኑ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነው። እዚህ ቆመሽ ሞቱን ጠበቅሽ። አሁን የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ ስጪኝ።»

«ምንም የለውም።»

እጇ ግን ከአፏ ቀድሞ ወደ ቦርሳዋ ሄደ።

«ሌላ ሰው ቢሆን ሌሊቱን ይሰርዘው ነበር» አለ ጋሽ ቆይ። «አንቺ ግን ጥሩ ምስል መሰረዝ አትችዪም።»

ፖሊሷ ቦርሳውን ወሰደች። ዳይሬክተሯ በአሥራ ስምንቱ ሰዎች ፊት እየተመራች ስትወጣ «ያለ እኔ ማን ያውቀው ነበር?» እያለች ነበር። ሐኪሙና ድምፅ ቀጂውም ተከትለው ወጡ። ድምፅ ቀጂው ቁልፉን እንደ ጋለ ብረት ከእጅ እጅ ያቀያይራል።

እታለም ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ጠብታው አይደለማ?»

«አይደለም። እጅዎ ንጹሕ ነው።»

እጆቿን አውጥታ አየቻቸው። አሁንም ይንቀጠቀጣሉ።

«ጠርቶኝ ነበር እኮ» አለች። «‹እታለም› ብሎ። ሦስት ጊዜ። ጓሮ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እየቀረጹት መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

መርማሪው የሚዋሸው ነገር ፈለገ፤ አጣ።

«እየቀረጸችው ነበር፣ እታለም» አላት።