ካውያ የያዘችው ሴት

«ሞት ናት አልኩሽ እኮ!» አለ ፕሮፌሰሩ፣ የስልኩን መስታወት በጣቱ እየቆረቆረ። «ተመልከቻት! ሰውዬው ሚስቱን ፍለጋ በገባበት ሁሉ ቀድማው ትገኛለች። አትናገርም። ነጭ ጨርቅ ትተኩሳለች። ነጭ ጨርቅ ምንድን ነው? ከፈን!»

«ሸሚዝ ነው» አለች ሚጢጢ። «ኮሌታ አለው።»

«በናትሽ ፋራ አትሁኚ።»

ሚጢጢ በረጅሙ ተነፈሰች። ፊልሙን ስታይ ይህ አራተኛዋ ነው፤ ጨጓራዋ ከተላጠ ቆይቷል። አንድ መርማሪ የጠፋች ሚስቱን ይፈልጋል። በር በከፈተ ቁጥር ሌላ ቦታ ይገባል፤ ከሳሎን ወጥቶ ባቡር ውስጥ፣ ከባቡር ወርዶ የባሕር አሸዋ ላይ። ደረጃ ወጣሁ ሲል ምድር ቤት ይደርሳል። ሕልም ነው እንዳይባል የሚነቃ ሰው የለም። ሳሎኑም፣ ባቡሩም፣ አሸዋውም ላይ አንዲት ሽርጥ የለበሰች ሴት ጠረጴዛ ዘርግታ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የምትታየው። በሦስተኛው ቀና ብላ ተመልካቹን ዐይን ዐይኑን ታየዋለች፤ ፊልሙም እዚያው ላይ ያበቃል። የሥነ ጽሑፍ መምህራቸው ደግሞ ያን ሁሉ ትቶ «ይህች ንዑስ ገጸ ባሕርይ ማን ናት?» ለሚል ጥያቄ ሠላሳ ማርክ መድቧል። የሚሠራውም ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ ለሚጢጢ የደረሳት የክፍሏ ልጅ ፕሮፌሰሩ ነው።

ለፕሮፌሰሩ ሠላሳው ጌጥ ነው፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት በከንቱ አይደለም። ሚጢጢ ግን የመንፈቁን ፈተና ወድቃለች። ይህንን ካላገኘች ትምህርቱን መድገሟ ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨው ግን ሴትዮዋ አክስቷ መሆኗ ነው። የእናቷ ታላቅ እህት ናት፤ ዛሬ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ፊልሙ ሲሠራ ግን ለፊልም ሠሪዎች ልብስ ትይዝ ነበር። ሚጢጢ ይህን ያወቀችው ትናንት ነው፤ እናቷ ከኋላዋ አጮልቃ ስልኩን አየችና «እንዴ! እህቴ!» ብላ ስትጮህ። ለፕሮፌሰሩ የነገረችው ግን ራሷ ናት፣ ማንንም አትወቅስም።

«ዛሬውኑ ሄደሽ ጠይቂያት» አለ ፕሮፌሰሩ። «ሞት ነኝ ትበልሽ። መምህሩም ክፍል ውስጥ እንደዚያ ሲል ሰምተሻል። ከራሷ አፍ ካመጣን ማን ይችለናል?»

ከትምህርት በኋላ ሄደች። አክስቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ ከጉልበቷ እስከ መሬት በሰማያዊ ጉርዶች ተከባ የጠርዝ እጥፋት ትለካ ነበር።

«ሞት?» አለች መርፌውን ከአፏ አውጥታ። «እኔ?»

«ተማሪው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። መምህሩም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ! ይህን ያህል ዓመት ሞት ሆኜ ስኖር የሚነግረኝ ሰው ይጥፋ?» እስክታነባ ሳቀች።

ከዚያ ነገሩን አጫወተቻት። ተዋናዩ ቀረጻ በተጀመረ ቁጥር ላብ በላብ ይሆናል። ሸሚዙን አውልቆ ይሰጣታል፣ ትተኩሳለች፣ ይለብሳል፣ ደግሞ ያወልቃል፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ዳይሬክተሩ ጥግ ላይ ቆማ ስትተኩስ አያትና «ከዚያች እንዳትንቀሳቀሺ» አላት። ደስ ብሎት ኖሮ በማግስቱ ጠረጴዛዋን ባቡር ላይ አስጫነው፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ አሸዋ ላይ አስተከለው።

«ሽርጥሽስ? መጀመሪያ ሰማያዊ ነው፣ በኋላ ጥቁር ይሆናል። ፕሮፌሰሩ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎበታል።»

«ሰማያዊው ታጥቦ አልደረቀማ!»

«መጨረሻ ላይ ቀና ብለሽ የምታዪውስ?»

«አሸዋ ላይ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል? ቀዝቃዛ ካውያ አስይዞኝ ‹ተኩሺ› ይለኛል። ከጠዋት ጀምሮ፣ በዚያ ፀሐይ! ‹አሁንስ አልበቃህም?› ብዬ ነው ያየሁት።»

ሚጢጢ ደብተሯን ከደነችው። «በቃ፣ ትርጉም የለውማ።»

የአክስቷ ሳቅ ጠፋ። «ሦስት ቀን ቆሜ የሠራሁት ነው ትርጉም የሌለው?»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም…»

«እስኪ ይህን ሁሉ ስትተረጉሙ እኔን ምን ይመስልሻል ያለኝ አለ?» ጉርዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ልንገርሽ። ያ ሰውዬ ሚስቴ ጠፋች ብሎ አገር ያተራምሳል፣ ባሕር ድረስ ይሮጣል። የሚለብሳትን ሸሚዝ የምትተኩስለትን ሴት ግን፣ በአጠገቧ ሦስት ጊዜ ሲያልፍ አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላያትም። ሚስቱንስ እንዲሁ አይደል ያጣት?»

ይህን ብላ ወደ ማሽኗ ዞረች። ሚጢጢ አራት ጊዜ አይታው ይህን ባለማየቷ በራሷ ተናደደች። ቀጥላ ግን እንዲህ የሚያስብ ሰው ዘመዷ በመሆኑ ኩራት ኩራት አላት።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን በንጹሕ ገልብጦ፣ ኅዳጉን በማስመሪያ አስምሮ ጠበቃት። አክስቷ ያለችውን ስትነግረው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማት።

«አሪፍ ነው፤ ግን ጨርሻለሁ» አለ። የመጨረሻውን መስመር አሳያት። «ሴትዮዋ ሞትን እንደምትወክል ተዋናይዋ ራሷ ለቡድናችን አረጋግጣለች» ይላል።

«አላለችም!»

«ማን ሄዶ ይጠይቃታል? ልብስ ሰፊ እኮ ናት።»

የሚጢጢ ደም ፈላ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለችው። «አንተም ያው እንደ ሰውዬው ነህ።»

«ኧረ አታካብጂ! ሠላሳው የሚያስፈልገው ለኔ ነው? ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

እውነቱን ነው። ይበልጥ ያበሸቃትም ይኸው ነው። ወረቀቱን አየችው፤ አንድ ስርዝ ድልዝ የለውም። መምህሩ ሲያነበው ፈገግ እንደሚል ታውቃለች። የሚሰጣትን ማርክም እንዲሁ።

እስክሪብቶዋን አውጥታ መጨረሻው መስመር ላይ አንድ ረጅም ሰረዝ ሳበችበት።

«ምን ነካሽ!» አለ ፕሮፌሰሩ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። «መምህሩ ራሱ ሞት ናት ብሎ የለ!»

«ሞት ናት የሚለው ያንተ ሐሳብ ነው፣ አልነካሁትም። ያላለችውን አለች ማለት ግን አይቻልም።»

ከሥሩ አክስቷ ያለችውን ቃል በቃል ጻፈችው። ቦታው ስላልበቃ ጽሑፉ ኅዳጉን ዘሎ ወደ ጎን ተጣመመ። ቀጥላ ይህን ያለችው ማን እንደሆነች፣ የአክስቷን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ አሰፈረች። «ልብስ ሰፊ» የሚለውንም ጨመረችበት። ጨርሳ እስክሪብቶውን ለፕሮፌሰሩ ዘረጋችለት።

«ስምህን መሰረዝ ከፈለግክ ይኸው።»

እስክሪብቶውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፤ አልተቀበላትም። ደወሉ ተደወለ። ሚጢጢ ወረቀቱን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል መንገድ ጀመረች። ፕሮፌሰሩም «ቢያንስ በደንብ አትጽፊውም ነበር!» እያለ እያጉረመረመ ተከተላት። በሩ ጋ ስትደርስ የተጣመመውን ጽሑፍ አንዴ አይታ አንኳኳች።