የተከለከለችው ጀልባ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል ፳፫ ቀን ፲፱፻፵፭ ማለዳ፣ የፖ ወንዝ ከተራራው በሚቀልጠው በረዶ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ይወርድ ነበር፤ ድልድዮቹ ሁሉ በቦምብ ፈርሰዋልና፣ ከቦሎኛ በኩል የተሰበረው የጀርመን ጦር በርሜልና የቤት መዝጊያ ሳይቀር እያንሳፈፈ ወደ ማዶ ለመሻገር ይራኮት ነበር፤ ጌታው የከዳው የጦር ፈረስም በስንዴው ማሳ ይንከራተት ነበር።

በሳን ቪታሌ መንደር ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያሻግር የኖረው አርዲልዮ ጋቪዮሊ ግን በዚያ ሰሞን «ጀልባ የለኝም» ባይ ነበር። ጀርመኖች እንዳይነጥቁበት ድንጋይ ጭኖባት፣ ከአኻያ ዛፎቹ ሥር አስጥሞ ደብቋታል፤ ይህንንም ከሚስቱ ከዴሶሊና በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ዴሶሊና በዐሥራ ሁለት ዓመት ታንሰዋለች። ሳያገባት በፊት የአንጥረኛው ልጅ ሌያርኮ ለጋብቻ ጠይቋት፣ አባቷ «ይህ ሥራ ፈት ከደጄ ይራቅልኝ» ብለው እንደ መለሱት አገር ያውቃል። ሌያርኮ አሁን በሸምበቆው ውስጥ ከመሸጉት አርበኞች አንዱ ነው፤ ዴሶሊናም ክረምቱን ሙሉ ዳቦና ፖለንታ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ በቅርጫት ይዛ ወደዚያው ትመላለሳለች። ብትያዝ በግንብ ሥር እንደምትረሸን ታውቃለች። አርዲልዮ ግን ጀርመኑን ትቶ የሚስቱን ፊት ይጠብቅ ነበር፤ ዝም ካለች «እሱን እያሰበች ነው» ይላል፤ ካንጎራጎረችም «ለእሱ ነው» ይላል።

«ዛሬ ቆየሽ» አላት አንድ ቀን እራት ላይ።

«ጠባቂዎች መጡ። ቦይ ውስጥ ተኝቼ አሳለፍኳቸው።»

«ብቻሽን ነው የተኛሽው?»

ማንኪያዋን አስቀመጠችና አየችው። «ሰውዬ፣ የምትጠይቀኝ ነገር ካለ ጠይቀኝ። እነግርሃለሁ።»

አልጠየቃትም፤ መልሱን ፈራ።

በዚያች የኤፕሪል ማለዳ ዴሶሊና ቁስለኛ ልታስታምም ወደ ቄሱ ቤት ሄዳ ሳለ፣ ሌያርኮ እያነከሰ በወይኑ መካከል ብቅ አለ።

«አርዲልዮ፣ ቶሎ አሻግረኝ! ማዶ የጡብ ፋብሪካው ውስጥ ዐሥራ አንድ ጓዶች አሉ፤ ጀርመኖች ደርሰውባቸዋል፤ ዛሬ ሊከቧቸው ነው፤ ላስጠነቅቃቸው!»

«ጀልባ የለኝም።»

«አለችህ እንጂ። አኻያዎቹ ሥር ናት። ዴሶሊና ነግራኛለች።»

ይህን ባይናገር ምናልባት ይሻገር ነበር። በባልና ሚስት መካከል የቀረችው አንዲት ምስጢር በሌላ ሰው አፍ ስትነገር ሲሰማ፣ የአርዲልዮ ደም ፈላ።

«ሌላስ ምን ነገረችህ?»

ሌያርኮ ነገሩ ገባውና ፈገግ አለ። «ተው እንጂ ወንድሜ! ሰው ሊያልቅ አንተ ትቀናለህ? ስለ አንተ እያወራች ጆሯችንን አደነቆረችው እኮ!»

አርዲልዮ ፈገግታውን አየ እንጂ ቃሉን አልሰማም። «ጀልባዋ ተሰንጥቃለች፤ አትንሳፈፍም» አለ።

«ማልልኝ።»

«በእናቴ መቃብር።»

ሌያርኮ ጫማውን አውልቆ አንገቱ ላይ አሰረና፣ አንድ ሳንቃ አቅፎ ወደ ውሃው ገባ። እስከ ወንዙ እኩሌታ በደኅና ሄደ፤ እዚያ አዙሪቱ ሳንቃውን ነጠቀው። አርዲልዮ ወደ አኻያዎቹ ሮጦ፣ ጥፍሩ እስኪነቀል ድረስ ድንጋዩን ከጀልባዋ ያወጣ ጀመር፤ ቀና ሲል ወንዙ ባዶ ነበር።

ጀርመኖቹም ወደ ጡብ ፋብሪካው አልሄዱም፤ በዚያው ከሰዓት በኋላ ሁሉን ጥለው ሸሹ። ዐሥራ አንዱ በማግሥቱ ርቧቸው፣ በደኅና ወጡ። በሦስተኛው ቀን የነጻነት ደወል ሲደወል መንደሩ ሰከረ፤ የሌያርኮ ሬሳ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

አርዲልዮ ሁሉን ለሚስቱ ነገራት።

«ስለ ጀልባዋ የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «‹የጨነቃችሁ ቀን ባሌ ያሻግራችኋል› ብያቸው ነበር። ኮርቼብህ።»

«ትወጂው ነበር?»

«በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አዎ። ከዚያ አንተን አገባሁ። ይኸው ነው፤ ይህን ለመጠየቅ ሰው መሞት ነበረበት?»

በበጋው «ሌያርኮ ማላጉቲ፣ በጠላት ጥይት የወደቀ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የእብነ በረድ ሰሌዳ ሊቆም ተወሰነ። አርዲልዮ ባርኔጣውን ጨብጦ ከአዲሱ ከንቲባ ፊት ቀረበ፤ ከንቲባው ከዐሥራ አንዱ አንዱ ነበር።

«ክቡር ከንቲባ፣ ጥይት አልነካውም። እኔ በቅናት ጀልባ ከልክዬው ነው የሰጠመው።»

ከንቲባው እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ተነሥቶም በሩን ዘጋ። «እናቱ ‹ልጄ ሲዋጋ ሞተ› ብላ ነው የምትጽናናው። በቅናት ምክንያት ሰጠመ ብለን እንጻፍላት? ሂድ አርዲልዮ። የሚሻገር ሰው ይጠብቅሃል።»

ስለዚያ ሳምንት የተጻፉት መጻሕፍት የትኛው ክፍለ ጦር በየት በኩል ፖን እንደ ተሻገረ፣ ስንት ሺህ ምርኮኛ እንደ ተያዘ በዝርዝር ያትታሉ፤ አንድ ሰው በአንድ ማለዳ ስላለው «የለኝም» ግን አንዳች አይሉም። በየዓመቱ ኤፕሪል ዴሶሊና ከመንደሩ ሴቶች ጋር ከእብነ በረዱ ሥር አበባ ስታኖር፣ አርዲልዮ ከኋላ ቆሞ ያያታል። እሱ በየዓመቱ ያረጃል፤ ሌያርኮ ግን ሁልጊዜ የሠላሳ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነው። አርዲልዮም፣ በእግዚአብሔር ፊት እያፈረ፣ አሁንም ይቀናበታል።