የብረቱ የጨው ቆርቆሮ

አራት የተቀቀለ እንቁላል ቀርቦለት ሁለቱን ብቻ በልቶ ነበር። መርማሪዋ የስፖርት ማዘውተሪያው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው በቀሩት ሁለት እንቁላሎች ላይ ነው፤ ሬሳውን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ሬሳ ብዙ አይታለች። ቁርሱን ሳይጨርስ የሄደ ሰው ግን ሁልጊዜ ሆዷን ያባባታል።

ሟቹ በጀርባው ተንጋሏል። ሰፈሩ ሁሉ «ብረቱ» እያለ የሚጠራው፣ ስልሳ ሁለት ዓመት የሞላው ጡረተኛ ቦክሰኛ ነው። ፊቱ አብጧል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። አጠገቡ የጎን ኪሱ የተከፈተ ሻንጣ ወድቋል፤ አግዳሚው ላይ የእንቁላል ቅርፊትና ክዳኑ የወለቀ ትንሽ የጨው ቆርቆሮ አለ።

«ኦቾሎኒ ነው የገደለው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ፈጽሞ አይስማማውም ነበር። አምናም ለጥቂት ነው የተረፈው። ለክፉ ቀን የሚወጋው መርፌ ታዞለታል። ዛሬም ጭኑ ላይ ወግተውታል፤ ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።»

«ሰው ለምን አልጠራም? አዳራሹ እኮ ከዚህ ሃያ እርምጃ አይሞላም።»

«በምን ድምፁ? ጉሮሮው ተዘግቷል።»

መርማሪዋ ባሏን ከቀበረች ሰባት ዓመቷ ነው። ቤት የሚጠብቃት ሬዲዮ ብቻ ስለሆነ ሥራ ላይ አትቸኩልም፤ ባልደረቦቿም «ይቺ ሴትዮ ወንበር ካገኘች አትነሳም» እያሉ ያሟታል። አለቃዋ በስልክ «የወጥ ቤቷን ሴት ይዘሽ ነይ፤ ያለቀ ነገር ነው» ቢላትም፣ እሺ ብላ ዘጋችና ወንበር ሳበች።

የስፖርት ማዘውተሪያው አሰልጣኝ ክንዱ የወፈረ፣ ድምፁ የቀጠነ ሰው ነው።

«እዚህ ሰው ሁሉ ከስፖርት በኋላ የሚጠጣው የእኔን ቅልቅል ነው» አለ። «ወተት፣ ሙዝና የተፈጨ ኦቾሎኒ። የደከመ ጡንቻን የሚጠግነው ፕሮቲን ነው፤ ቶሎ ውሰዱ እላለሁ። ብረቱ ግን ሰው ፊት ያሾፍብኛል። ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ምን አስቸኮለህ?› ይለኛል። ግማሹ ሰው እሱን ሰምቶ ወደ እንቁላልና ወደ ምስር ዞረ።»

«ተናደዱ?»

«አዎ፣ ተናድጃለሁ። መናደድና መግደል ግን ለየቅል ናቸው። ኦቾሎኒውን የምትፈጨውም፣ የእሱን ቁርስ የምታዘጋጀውም የወጥ ቤቷ ሴት እታለም ናት። ያው ወፍጮ፣ ያው እጅ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«ዛሬ ጠዋት የተለየ ነገር አላዩም?»

«ምንም። የብረቱ ወዳጅ የሆነው ልብስ ሰፊ ብቻ ሙዚቃውን ቀንስልኝ፣ ራሴን አሞኛል አለኝ። ሌላ ቀን ጨምር ነው የሚለኝ። ደግሞ ራሴን አሞኛል ብሎ አንድ ዙር ጨምሮ ብረት ያነሳል! የእሱ ነገር አይገባኝም።»

«ከዚያስ?»

«እታለም ስትጮህ እሱ ቀድሞኝ ሮጠ። እኔ ስገባ መርፌው ጭኑ ላይ ተሰክቷል። ብረቱ በደረቱ ሻንጣው ላይ ተደፍቶ ነበር። ለሦስት ገለበጥነው፤ ሻንጣውን ከሥሩ ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እታለም ወጥ ቤት ውስጥ፣ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ እያጠበች ነበር። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ስሟ ሌላ ነው፤ እታለም ያላት ብረቱ ነው፣ ቤቱም ተቀብሎት ቀረ።

«እሱ ዱቄት የሆነ ነገር አያምንም» አለች። «‹እንቁላል ቅርፊቱ ማኅተሙ ነው፤ ማንም አልከፈተውም› ይላል። ጨውና ቁንዶ በርበሬውን ቤቴ ነው የምወቅጥለት። ቤቴ ኦቾሎኒ ገብቶ አያውቅም፣ እጄን እንኳ ሦስቴ ታጥቤ ነው የምገባው።»

«ለአንድ ደንበኛ ይህን ያህል?»

እታለም ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ልንጋባ ነበር። በሚቀጥለው ወር።»

መርማሪዋ እርሳሷን ዝቅ አደረገች። በዚህ ዕድሜ ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቅ ሴት ናትና ቀጣዩን ጥያቄ ለመጠየቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

«ቆርቆሮው የት ያድራል?»

«እዚህ በሚቆለፈው የልብስ ሳጥኑ ውስጥ። ቁልፍ ያላቸው እሱ፣ አሰልጣኙና ልብስ ሰፊው ናቸው። ብረቱና ልብስ ሰፊው ሃያ ዓመት ሳጥን ተጋርተዋል።»

«ስታገኚው እንዴት ነበር?»

«ሻንጣው ላይ ተደፍቶ። አንድ እጁ ከሥሩ፣ የሻንጣው ኪስ ውስጥ ገብቷል። ጮህኩ። ልብስ ሰፊው ደርሶ ወጋው። ከዚያ አሰልጣኙ መጣ።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እኔን ነው የምትወስጂው፣ አይደል?»

«ለጊዜው ትዕዛዙ እንዲያ ነው» አለች መርማሪዋ። መዋሸት አልፈለገችም።

ልብስ ሰፊው ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ቀጭን፣ ሸሚዙ በራሱ እጅ በጥንቃቄ የተሰፋ፣ ከብረቱ በሁለት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ቁርሳችንን እዚያ አግዳሚ ላይ በልተናል» አለ። «ከዚያ ወደ ስፌቴ እሄዳለሁ። እስከ ማግስቱ የማናግረው ደንበኛን ብቻ ነው። ‹ወገብዎ ስንት ነው?› ደግሞ ወሬ አይደለም።»

«ዛሬ ለምን አብረው አልበሉም?»

«አንድ ዙር ቀርቶኝ ነበር።»

«መርፌውን ከየት አገኙት?»

«ከሻንጣው የጎን ኪስ ነዋ። ሁሌም እዚያ ነው። ስገባ አውጥቼ ወጋሁት፤ ግን ዘገየሁ።» ይህን ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሐዘኑ የእውነት ነበር፤ መርማሪዋንም ግራ ያጋባት ይኸው ነው።

የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ እታለም ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደረች። በሦስተኛው ጠዋት መርማሪዋ እሷንም፣ ሁለቱንም ወንዶች፣ አንድ ፖሊስም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰበሰበች።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ብላ ጀመረች። «እንቁላሎቹ ንጹሕ ናቸው። ኦቾሎኒው የተገኘው ጨዉ ውስጥ ነው። ወፍጮ ላይ የቀረ ርዝራዥ ቢሆን ቅንጣት ይሆን ነበር፤ የተገኘው ግን ከጨዉ እኩል ነው። ሰው አስቦ ነው የቀላቀለው። ብረቱ ደግሞ አፍንጫው በቡጢ ከተሰበረ ወዲህ ሽታ አይለይም፤ ቁንዶ በርበሬውም ጣዕሙን ሸፍኗል።»

«ጨዉን የምትወቅጠው እሷ አይደለችም እንዴ?» አለ አሰልጣኙ።

«እሷ ብትሆን በራሷ ጨው ትገድለዋለች? ጣት ወደ ማን እንደሚቀሰር ሕፃንም ያውቃል። የቀላቀለው ሰው የፈለገው ይህንኑ ነው፤ እጇ እንዲጠረጠር። እርስዎ በእንቁላሉ ተናደውበታል፣ ቁልፍም አለዎት። ግን እርስዎ የነገሩኝ ነው እርስዎን ያወጣዎት። ሁልጊዜ ሙዚቃ ጨምር የሚል ሰው ያን ቀን ቀንስ አለ። ሃያ ዓመት አብሮ የበላ ሰው ያን ቀን አዳራሽ ቀረ። የሚሰማው ነገር ይጠብቅ ነበር።»

ማንም ወደ ልብስ ሰፊው አልዞረም፤ እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

«መርፌውን ከሻንጣው አወጣሁ አሉኝ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሻንጣው ግን ከብረቱ ሥር ነበር፤ የወጣውም ከወጉት በኋላ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻው ነግሮኛል። መርፌው የነበረው እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። ለምን?»

ልብስ ሰፊው የመለሰው ለመርማሪዋ ሳይሆን ለእታለም ነበር።

«ልገድለው አልነበረም። ትንሽ እንዲታመም፣ እኔ እንዳድነው፣ ካንቺ እጅ መብላት እንዲፈራና ሰርጉ እንዲቀር ነው። መርፌውን የያዝኩት ሲያስፈልገው ፍለጋ እንዳልገባ ብዬ ነው። ሲጠራኝ እሮጣለሁ ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁት። አልጠራኝም።»

«አልቻለም» አለች መርማሪዋ። «እጁ የሻንጣው ኪስ ውስጥ የነበረው እርስዎ የያዙትን ሲፈልግ ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው። መርማሪዋ ግን ተረት አላማራትም። ጥፋተኛውን ባገኘች ቁጥር ትንሽ ደስ ይላት ነበር፤ ያን ቀን ግን ያ ደስታ ቀረባት።

«ሦስት ወንበር ነው የገዛነው» አለች እታለም።

ልብስ ሰፊው ቀና አለ።

«ከተጋባን በኋላ ቁርስ እኛ ጋ እንዲሆን ብለን። ‹ያለ እሱ እንቁላል አይወርድልኝም› ይል ነበር። ንገረው ስለው፣ ‹ተዪው፣ ትንሽ ይኩረፍ! በሰርጉ ቀን የቤቱን ቁልፍ ስሰጠው ፊቱን ማየት አለብኝ› አለኝ። መቼም እናንተ ሳትሿሿፉ ውላችሁ አታውቁም።»

«የቤቱን ቁልፍ… ለእኔ?»

«ካስቀረጸው ሳምንት ሆኖታል።»

ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ልብስ ሰፊው አልታገለም። ቃሉ እየተቆራረጠ «እኔ እኮ ብቻዬን የምቀር መስሎኝ ነው» አላት።

«አሁን ሦስታችንም ብቻችንን ቀረን» አለች እታለም፤ ሻሿን አስተካክላም ወጣች።