ውሃው አልውጥ ያለው ሰው

«ጨምሪ!» አለ አደም፣ ውሃው እስከ ደረቱ ይዞት።

ረቢአ ከጆንያው አንድ ጥፍጥፍ እርሳስ አውጥታ በሁለት እጇ አቀበለችው። እርሳስ ሲባል መጻፊያው አይደለም፤ ትንሽ መስሎ ክንድ የሚያወርደው ከባዱ ማዕድን ነው። አደም ወገቡ ላይ ባሰረው ሰፊ ቀበቶ ሰካው፣ መተንፈሻውን ነከሰ፣ ጉልበቱን አጠፈ። ውሃው ግን እሺ አላለውም። ጀርባው ላይ ካዘለው የአየር ቦምቦላ ጋር እንደ ቅል ብቅ አለ።

«ማሻአላህ!» አለች ረቢአ። «ከምጽዋ ድረስ የመጣ ጠላቂ፣ ቦርከና ወንዝ አልውጥህ ብሎ መለሰው! ይኸን የከሚሴ ሰው ቢሰማ በዘፈን ነው የሚሸኝህ።»

«ምላስሽን ለራስሽ። ልብሱ አዲስ ሆኖብኝ ነው። አሮጌው ስስ ነበር፤ ይኼ ወፍራም ጎማ ነው፣ ይንሳፈፋል። ስንት እርሳስ እንደሚበቃው ሳላውቅ ድልድዩ ሥር፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ አልገባም። የረጋ ኩሬ የፈለግሁት ለዚህ አይደል?»

አደም የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ «ኤሱማ» ነው የምትለው። ምጽዋ ወደብ ላይ መርከብ ሥር እየጠለቀ ይሠራል። ያለፈው ክረምት የድልድዩን እግር በልቶት እንደሆነ አይቶ እንዲነግራቸው የመንገድ ሥራ ሰዎች ናቸው ያመጡት። ለረቢአ ደግሞ ቃል ገብቶላታል፦ የእርሳሱን ልክ ያገኘ ዕለት መነጽሩን አድርጋ፣ መተንፈሻውን ነክሳ፣ ፊቷን ውሃው ውስጥ ደፍታ ታያለች። ይኸን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

«ግን ኤሱማ፣ እዚህ ትንሽ እርሳስ ይበቃኛል ብለህ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። ባሕር ጨው አለበት፤ ጨዋማ ውሃ ይሸከምሻል። የቦርከና ውሃ እንደዚያ አይሸከምም፤ ስለዚህ እቀንሳለሁ አልኩ። የቀነስኩትን ጎማው መልሶ አስጨመረኝ።»

«ቦምቦላው ውስጥ ያለው አየርስ? አየር ይመዝናል እንዴ?»

«ይመዝናል እንጂ! ታጭቆ ነው የገባው። እየተነፈስኩ ስጨርሰው ቦምቦላው ይቀላል፤ ያኔ ሳልፈልግ ወደ ላይ ይጎትተኛል። ለመጨረሻው ሰዓትም አስቤ ነው አሁን የማስረው።»

አየር ይመዝናል! ረቢአ ይኸን ክፍል ውስጥ ተነስታ ስትናገር፣ የመምህሩ ፊት ምን እንደሚመስል እያሰበች ፈገግ ስትል፣ ከሾላው ዛፍ በኩል የክፍል ጓደኛዋ ዘይና እየሮጠች መጣች። ሻሿ አንገቷ ላይ ወድቋል። «አካም ቡልቴ» ብላ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ የረቢአን ክንድ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተቻት።

«ድልድዩ ጋ ነው የሚገባው አላልሽኝም? እዚህ ምን ይሠራል?»

«ልኩን እየፈለገ ነው።»

«ከወረደ ያገኘዋል!» አለች ዘይና በሹክሹክታ።

ረቢአ ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ባለፈው ወር ኢንስፔክተር ይመጣል ተብሎ ዲሬክተሩ የትምህርት ቤቱን የናስ ደወል እንዲወለውሉት ለሁለቱ ሰጥቷቸው ነበር። በአሸዋ ሊፈትጉት ወደዚሁ ኩሬ ይዘውት መጡ። ማብረቅረቅ ሲጀምር ረቢአ ደወሉን ደፍታ ውሃው ውስጥ ገፋችው፤ ውስጡ የቀረው አየር እጇን ሽቅብ መለሰው። «ነይ እይ፤ ባዶ አይደለም! የሚገፋኝ አለ!» አለች። ዘይናም ገፋችው። ከእጇ ተንሸራተተ፣ ተገለበጠ፣ አንድ ትልቅ አረፋ ተፍቶ ወደ ታች ሄደ።

በማግስቱ ዲሬክተሩ ሲጠይቅ ዘይና «ለሙሄ ሰጥተነዋል» አለች። ደወል የሚደውለው የስምንተኛ ክፍሉ ተማሪ ሙሄ ነበርና ሁሉም አመናት። ረቢአ፣ ለማንም መልስ የማያጥራት ረቢአ፣ ያን ቀን ዝም አለች። ሙሄ «ወላሂ አልተቀበልኩም» ቢል ማን ሰምቶት፤ ደወሉን ሳትይዝ እንዳትመጣ ተባለ። ይኸው እስካሁን አባቱ ማሳ ላይ የመስኖ ቦይ ሲጠርግ ይውላል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ እየመጣ ነው።

«ረቢአ! የት ሄድሽ? ጨምሪ!»

ተመልሳ ሌላ እርሳስ አቀበለችው። አደም ሰካና ራሱን ለውሃው ለቀቀ። አሁን እስከ ቅንድቡ ሰጠመ። አየር ሲስብ ግንባሩ ብቅ ይላል፤ ሲያስወጣ ይወርዳል፤ ጨርሶ ግን አይሄድም። ረቢአ አፏን ከፍታ ቀረች። ሰው በትንፋሹ ብቻ እንዲህ ከፍ ዝቅ ይላል!

አደም መተንፈሻውን ከአፉ አወጣ። «ደረስኩ! አንዲት ብቻ ቀረችኝ። አንዲት ትንሽ ነበረች፤ አምጫት።»

ረቢአ ዞረች። ጆንያው ባዶ ነው። ዘይና አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቀሚሷን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ቀጥ ብላ፣ እንደ ሙሽራ።

«ድንጋይስ ብታስር?» አለች ረቢአ፣ አንደበቷ ቀድሟት።

«ድንጋይ የጨነቀኝ ጊዜ በአንድ እጅ ተፈትቶ አይጣልም። እኔ ደግሞ ነፍሴን እወዳታለሁ። ካልተገኘች ዛሬ አልወርድም፤ ደሴ ሄጄ እርሳስ አስቀልጬ እመለሳለሁ። መቼ እንደሚደርስልኝ እንጃ።»

የዘይና ፊት በራ። «አየሽ?» አለች በሹክሹክታ። «እሱ እስኪመለስ መጥተን እናወጣዋለን።»

«ዋና ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«እኔም አልችልም። ታዲያ እንዴት ልናወጣው ነው? ደወል ሆይ ና ብለን ልንጠራው?»

«እኔ ብቻዬን ልባረርልሽ?» የዘይና ዓይን እንባ አቀረረ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ነይ እይ፣ የሚገፋኝ አለ ብለሽ ያስጀመርሽኝ?»

እውነቷን ነው። ረቢአ ወደ ኩሬው ዞረች። የካቲት ስለሆነ ውሃው ጠርቷል፤ የሾላው ሥር እንደ ጣት ተዘርግቶ ወደ ጥቁሩ ሲገባ ይታያል። ከዚያ በታች ምን እንዳለ ከእሷና ከዘይና በቀር የሚያውቅ የለም። አደም በጀርባው ተንሳፍፎ እየጠበቃት ነው። ደረቱ ሞላ፣ ጎደለ፤ ሞላ፣ ጎደለ። ረቢአ የራሷን ትንፋሽ ይዛ እንደቆየች ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

«ተነሺ» አለቻት።

«በአላህ፣ ረቢአ…»

«ተነሺልኝ አልኩሽ! ስጎትትሽ ቀሚስሽ ቢቀደድ እኔ የለሁበትም።»

ዘይና ተነሳች። እርሳሷ ከሥሯ ሞቃ ተገኘች። ረቢአ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገብታ ሰጠችው።

«ኤሱማ፣ ስትወርድ በሾላው ሥር በኩል እይ። የትምህርት ቤቱ ደወል አለ። እኛ ነን የጣልነው።»

አደም አንዴ እሷን፣ አንዴ ዘይናን አየ። እርሳሷን ሰካ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ መተንፈሻውን ነክሶ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ለቀቀው። ቅንድቡ ሄደ፣ ጸጉሩ ሄደ። እንደ ቅጠል ነው የወረደው። አረፋው ተራ በተራ እየፈነዳ ወደ ሾላው አመራ።

ሲወጣ ደወሉ በእጁ ነበር፤ ጭቃ ሞልቶት፣ አረንጓዴ ሆኖ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጎማው ላይ የተጣበቀች አልቅት በጥፍሩ አነሳ። «ምስኪን! ስትነክስ ጥርሷ ተሰብሮ ይሆናል» አለ። ከዚያ መነጽሩን ለረቢአ ዘረጋላት።

«ልኬን አግኝቻለሁ፤ ቃል ቃል ነው። ግን ቶሎ በይ። የመንገድ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው፤ የተረፈው አየር ለድልድዩ ነው።»

ረቢአ መነጽሩን ተቀበለችው። መስተዋቱ ላይ የውሃ ጠብታ ይንከባለላል። ፊቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብትል፣ ያ ሁሉ ጥቁር ነገር ይገለጥላታል። ጥቂት ይዛው ቆየችና በሁለት እጇ መለሰችለት።

«አሁን ካልሄድኩ አልሄድም» አለች፣ ደወሉን ከድንጋዩ ላይ እያነሳች።

«ወዴት?»

«ሙሄ ጋ። ከዚያ ዲሬክተሩ ጋ።»

የጨፋን ሜዳ የሚያቋርጠውን መንገድ ያዘች። ብዙም ሳትርቅ ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ዘይና ነበረች፤ ሻሿን ፈትታ ይዛዋለች።

«በዚህ እንጠቅልለው» አለች እያለከለከች። «ሰው ይሰማል።»

«ይስማ።»

ረቢአ ጭቃውን አራግፋ ደወሉን ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችው፤ በተራመደች ቁጥር ይደውል ጀመር። ዘይና ሻሿን መልሳ አሰረችና ከጎኗ ሆነች። ከማሳው ወዲያ፣ ቦዩ ውስጥ ያጎነበሰ አንድ ልጅ አካፋውን ይዞ ቀና ሲል ከሩቅ አዩት።