ሣጥን አንድ ላይ ያልተቀነሰው

ከደመወዛችሁ ላይ «ከታክስ በፊት» ተብሎ የተቆረጠ ገንዘብ ታክስ ቢከፈልበት ዝም ትላላችሁ? በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ባለች አንዲት ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱት ሰዎች ዝም ብለው ነበር። ሞኝነት እንዳይመስላችሁ፤ በቅጡ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የነገረቻቸው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ኮርሊስ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት የእናቷን የዓመት ግብር ልትሞላ የግብር ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታለች። ጓደኛዋ ዴላ አጠገቧ ተቀምጣ የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ትገምጣለች። የዴላ አባትም የአውቶቡስ ሹፌር ነው።

«ከዓመቱ የደመወዝ ማስረጃ ሣጥን አንድ ላይ ያለውን፣ ታክስ የሚከፈልበትን ደመወዝ ጻፊ ይላል» አለች ኮርሊስ። «ሠላሳ አንድ ሺህ ዶላር። ግን የዓመቱን ድምር የያዘውን የዲሴምበር ደመወዟን ወረቀት እዪው። ጠቅላላ ደመወዟ ያው ሠላሳ አንድ ሺህ ነው፤ ለጤና መድን ደግሞ ከታክስ በፊት ተብሎ ሁለት ሺህ አራት መቶ ተቆርጧል። ከታክስ በፊት ከሆነ ሣጥን አንድ ላይ መቀነስ ነበረበት።»

«እና ራስሽ ቀንሺያ። ሃያ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ።»

«የትምህርት ቤቱ ቢሮ ለመንግሥት የላከው ግን ሠላሳ አንድ ነው። ሁለቱ ሲተያዩ ውሸታም የምትባለው እናቴ ናት።»

«አታካብጂ ባክሽ።»

ኮርሊስ ግን ሃያ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ብላ ጻፈች። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የተመላሽ ገንዘብ ቁጥር ዘሎ ከፍ አለ፤ የመኪናቸውን ፍሬን ያሠራል። ትንሽ አየችውና ወደ ዴላ ዞረች።

«የአባትሽ ማስረጃ አለሽ?»

ዴላ ስልኳ ላይ ፈልጋ አሳየቻት። የእሱም አልተቀነሰም። ኮርሊስ የጻፈችውን አጠፋች።

እናቷ ቨርና በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ደመወዝ ክፍልን ጠይቄያለሁ። ችግሩ የደመወዝ ፕሮግራሙ ነው አሉኝ። ተይው ልጄ፣ የአውቶቡስ መስመሬን ቀምተው የጭቃውን መንገድ ይሰጡኛል።»

ምስኪን ፕሮግራም! የሰጡትን ቁጥር ከመቀበል በቀር ምን ያውቃል?

«አንቺን ብቻ አይደለም፣ እማ። ሁላችሁንም ነው።»

«እና ማን ይናገራል?»

ኮርሊስ ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ቦርድ የሚሰበሰብበትን ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገች። ዴላም ዳቦውን አስቀምጣ ለአባቷ ደወለች።

ሰኞ ማታ የትምህርት ቦርዱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። በዚህ ስብሰባ የፈለገ ነዋሪ ተመዝግቦ ለሦስት ደቂቃ ይናገራል። ሹፌሮቹ የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ከኋላ ተቀምጠዋል። አልመጣም ብላ የነበረችው ቨርናም መጥታለች።

ኮርሊስ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጋ ከእናቷ የዲሴምበር ወረቀትና ከዓመቱ ማስረጃ ላይ ቁጥሮቹን አነበበች። የቦርዱ ሰብሳቢ ሚስተር ፕሩየት ፈገግ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ የደመወዝ ጉዳይ እዚህ አይታይም። ነገ ቢሮ ብቅ በይ።»

«እናቴ ቢሮ ሄዳ ነበር፣ ጌታዬ። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው ብለው መለሷት።»

ከኋላዋ ወንበር ተንቋቋ። ቨርና ማስረጃዋን ይዛ ተነሳች። የዴላ አባት ተከተላት፤ ከዚያ አንድ ረድፍ ሙሉ ሹፌር ቆመ።

ኮርሊስ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች።

«ከታክስ በፊት ብላችሁ የቆረጣችሁት ሣጥን አንድ ላይ ለምን አልተቀነሰም? የተስተካከለ ማስረጃስ መቼ ትሰጧቸዋላችሁ? ነገ ቢሮ አልመጣም። እዚሁ፣ ማይክሮፎኑ እንደተከፈተ፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱልኝ።»