ቀኑ ያልተጻፈበት ሥዕል

እሱ ሥዕሎቹ ላይ ቀን አይጽፍም። «ሥዕል ወተት ነው እንዴ፣ የሚበላሽበት ቀን የሚጻፍበት?» ይላል። የእኔ ሥራ ደግሞ ጋለሪ ውስጥ ሥዕሎችን እያስተያየሁ ዘመናቸውን መለየት ነው።

የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። ለኤግዚቢሽን ሥዕሎቹን ይዞ መጣ፤ ወለሉ ላይ ደርድሬ ለሁለት ከፈልኳቸው። የድሮዎቹ በቀጭን ብሩሽ የተሠሩ፣ ጥላቸው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ናቸው፤ ሁሉም ላይ አንዲት አንገተ ረጅም ሴት ፊቷን ወደ መስኮት አዙራለች። የአሁኖቹ ቀለማቸው ወፍራም ነው፤ ሰዎቹም ፊት ለፊት ያያሉ። አንዱንም አልሳትኩም። ትክ ብሎ አየኝ። እኔም ሥራዬን ረስቼ አየሁት።

ስለ ሴትዮዋ ጠየቅኩት። ጥላው ሄዳ፣ ሌላ አግብታ ወልዳ ከብዳለች። «አልቋል» አለኝ። አመንኩት። የሚወዱትን ሰው አለማመን ይቻላል እንዴ?

እናቴ ግን፣ ሠዓሊ ሌላ ሰው ሲያይ ነው የሚውለው ብላ አኮረፈች። በኋላ እየመጣ ሲያስቃት ተሸነፈች፤ የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። ወንድሜ ብቻ፣ ይቺን አንገት የለሽ ምኗን ወደድክላት እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ አንገቴ አጭር ነው።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሲል በጨርቅ የተሸፈነ ሥዕል ይዞ መጣ። የለመድነው ጨዋታ ነው፤ እሱ ይገልጣል፣ እኔ ዘመኑን እናገራለሁ። ገለጠው። ቀጭን ብሩሽ፣ አረንጓዴ ጥላ፣ ረጅም አንገት፣ ወደ መስኮት የዞረ ፊት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ «ይሄማ የድሮው ነው» አልኩ እየሳቅኩ። «ያቺን ስትወድ የሳልከው።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«አንቺ ነሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ባለፈው ሳምንት ነው የጨረስኩት። ለሠርጋችን ነበር።»

ያኔ ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት የለበሰችውን ሹራብ አየሁት። የእኔው ቡናማ ሹራብ ነው፤ የወለቀው ቁልፍ እንኳ አልቀረም።

«አንገቱን አስተካክለዋለሁ» አለ።

«አንገቱማ ምንም አልሆነም። የኔ አይደለም እንጂ።»

ሆን ብሎ እንዳላደረገው አውቃለሁ። አፉ አልቋል ብሎኛል፤ እጁ ግን አላለቀለትም። አታልሎኝ ቢሆን ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር።

መዶሻና ሚስማር ሰጠሁት። ሁለት ግድግዳ አለ፣ አንዱ የድሮው፣ አንዱ የአሁኑ፤ አንተው ወደህ ስቀለው፣ እኔ ጠዋት አየዋለሁ ብዬው ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የአሁኑ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅለው እየለመንኩ ሄድኩ። ውሸቱን እንኳ ቢሆን አገባው ነበር።

ጠዋት ስገባ ሥዕሉ የድሮው ግድግዳ ላይ ነው። ልክ በቦታው፣ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ሰው ጎረፈ፤ እሱ አልመጣም። እኔ ያንኑ ሹራብ ለብሻለሁ፤ ለምን እንደለበስኩት አላውቅም። አንዲት ትልቅ ሴት ሥዕሉ ፊት ቆመው ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም እማማ» አልኳቸው። «ሹራቡ ነው የኔ።»