በቀለም የገባ ክር

«ትንሽ ወደ ግራ። ኧረ ያንቺን ግራ አይደለም፣ የኔን» አለች ራዲዮ ከታች ሆና።

ሚጢ መሰላሉ ላይ እንደቆመች የሥዕሏን ፍሬም በሁለት እጇ ይዛ ገፋ አደረገችው። ሚጢ የሚለው ስም የወጣላት ገና ዳዴ ስትል ነው፤ አሁን አሥረኛ ክፍል ደርሳ እናቷን በቁመት ብትበልጥም ስሙ አልለቀቃትም። ራዲዮ ደግሞ የክፍሏ ልጅና የልብ ጓደኛዋ ናት። ስሙ ለምን እንደወጣላት አብሯት አምስት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው አይጠይቅም።

የሰፈሩ ጋለሪ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለ አንድ ሰፊ አዳራሽና አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥዕል ኤግዚቢሽን ይከፈትበታል። ርእሱ «ብርታት» ነው። ከአራት ትምህርት ቤት ስድሳ ምናምን ሥዕል ተመርጧል፤ በሩ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ግድግዳ ግን አንድ ሥዕል ብቻ ነው የሚሰቀልበት። የጋለሪው ኃላፊ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሴትዮ፣ ያንን ቦታ ለሚጢ ሰጥተዋታል።

የሳለችው አባቷን ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ከስድስት ወር በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ የምትሰፋው እናቷ ናት። እሱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ መርፌውን በግራ እጁ፣ ክሩን በቀኙ ይይዝና ለማስገባት ይሞክራል። አሥር ጊዜ ብቻ። ከአሥር ካለፈ እልህ ይሆናል ይላል። እስካሁን አንዴም አልገባለትም። ሚጢ የያዘችው ያቺን ደቂቃ ነው፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ክሩ ከቀዳዳዋ አጠገብ ታጥፎበት።

ኃላፊዋ መጥተው ከኋላ ቆሙ።

«እጁ ግሩም ነው» አሉ። «እንዲያው ግን ልጄ፣ ርእሳችን ብርታት ነው። ሰው ገና ከበር ሲገባ የሚያየው ይሄንን ነው። ክሩ ቢገባለትስ? ትንሽም ፈገግ ቢል? የመጥሪያ ካርዱ ላይም ላወጣው አስቤያለሁ፤ ዛሬ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል።»

ሚጢ ትልቁን ግድግዳ አየችው። ገና ሥዕሉ ሳይሰቀልበት፣ ባዶውን እንኳ ያምር ነበር።

«እሺ» አለች።

ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። ቀጭን ነጭ መስመር ቀዳዳዋን አልፎ ወጣ፤ የአፉ ጠርዝ ሁለት ቦታ ላይ ተነካካና ቀና አለ። ኃላፊዋ ደስ ብሏቸው በስልካቸው አነሱት።

ራዲዮ ዝም ብላለች፤ ያ ደግሞ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው።

«ምነው?» አለቻት ሚጢ።

«ምንም። የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ መሰለ እንጂ።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«የምሬን ነው። እኔ አባትሽን ነው የማውቀው። ይሄን ሰውዬ አላውቀውም።»

እቤት ስትደርስ አባቷ መስኮቱ ሥር ነበር።

«የት ሰቀሉኝ?» አላት፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳይነቅል።

«በሩ ፊት ለፊት።»

«እንደ ባለሥልጣን በይኛ።»

እናቷ መኪናውን እየረገጠች ሳቀች።

«ጥሩ ነው» አለ አባቷ። «እጄን ይዩት። እዚህ በር ላይ ሲያልፉ አንገታቸውን የሚያዞሩ ደንበኞች አሉ። ጠልተውኝ አይደለም፤ ምን እንደሚሉኝ ጠፍቷቸው ነው። እየሞከርኩ መሆኔን ካዩ ገብተው ሰላም ይሉኝ ይሆናል።»

ሚጢ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ክሩ ታጠፈበት።

«ስምንት» አለ አባቷ፤ እሷም አፏን መልሳ ዘጋች።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዲት ጎረቤት ሱቁ ውስጥ ቆማ አገኘቻት። በአንድ እጇ የሚስተካከል ቀሚስ፣ በሌላው የመጥሪያ ካርዱን ይዛለች።

«ለካ ድነሃል፤ እኔኮ አልሰማሁም» ትለዋለች አባቷን። «እንግዲያው ይቺን አንተው ራስህ ስፋልኝ። በሰው እጅ ለምን ትሄዳለች?»

አባቷ ካርዱን ተቀብሎ አየው። ከዚያ ቀሚሱን በግራ እጁ ወደ እናቷ አሳለፈው።

«እሷ ትሰፋልሻለች» አለ።

ጎረቤቲቱ ግራ እየገባት ወጣች። አባቷ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው።

«ማነው ያስገባው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚጢ። «ኃላፊዋ ለርእሱ እንዲስማማ ብለው...»

«ጎበዝ። እኔ ስድስት ወር የታገልኩትን አንቺ በአንድ ብሩሽ ጨረስሽው።»

እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ ግን ማንም አልሳቀም። መርፌውን ትንሿ የመርፌ ትራስ ላይ ሰካና መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓዳ ገባ። በዚያን ቀን አንድም ጊዜ አልሞከረም። እናቷ መኪናውን አቁማ ሚጢን አየቻት። ምናለ በተቆጣችኝ ብላ ተመኘች ሚጢ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀለሟን በፌስታል ይዛ ጋለሪው በር ላይ ቆመች። ብቻዋን መግባት ፈርታ ራዲዮንም ጠርታታለች። ኃላፊዋ ወንበር እየደረደሩ ነበር።

«ሥዕሉን ልመልሰው ነው የመጣሁት» አለች ሚጢ።

«ወደ ቤት?»

«ወደ ድሮው።»

ኃላፊዋ የያዙትን ወንበር አስቀመጡ። «ካርዱ ታትሞ ተበትኗል እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን አባቴ ክሩን አላስገባውም። ገብቶለታል ብዬ ሰው ፊት ስሰቅለው፣ እስከዛሬ የሞከረው አይቆጠርም ያልኩት መሰለው። ትናንት ጭራሽ ተወው።» ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። «ብርታቱ እኮ መሞከሩ ነበር።»

ኃላፊዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ሥዕሉን ለብዙ ጊዜ አዩት።

«እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ» አሉ በመጨረሻ። «አስተካክይው። ግን እርጥብ ቀለም በሩ ፊት ለፊት አልሰቅልም፤ ሕዝብ ሲገፋፋ ይበላሻል። ያለኝ ክፍት ቦታ ኮሪደሩ ነው።»

ኮሪደሩ የሽንት ቤቱ መንገድ ነው። ሚጢ ትልቁን ግድግዳ ለመጨረሻ ጊዜ አየችውና ሥዕሉን አወረደችው።

ክሩ ቀላል ነበር፤ አፉ ግን አስቸገራት። ሦስት ጊዜ አጥፍታ ሠራችው። ራዲዮ ስልኳ ላይ የቀረውን የድሮውን ፎቶ ከፍታ እጇ እስኪዝል ያዘችላት። ሲያልቅም «ቀለሙ አልደረቀም፣ እንዳትነኩ» ብላ በትልልቅ ፊደል ጻፈችና ሥዕሉ ሥር ለጥፋ እንደ ዘበኛ ቆመች።

በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ትልቁ ግድግዳ ላይ በጋሪ የሚገፋፉ ልጆችን የሳለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ልጁ ከሥሩ አልነቃነቅም ብሎ ፎቶ ይነሳል። ሚጢ አባቷና እናቷ ሲገቡ አይታ ወደ ኮሪደሩ መራቻቸው።

«ሽንት ቤት በር ላይ?» አለ አባቷ።

«አዎ።»

«ሰው የማይቀርበት ቦታ ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የታጠፈውን ክር አየ፤ ቀጥሎ የተነከሰውን ከንፈር።

«እንዲህ ነው እንዴ የምሆነው?»

«ሁልጊዜ» አለች እናቷ።

አባቷ የሚጢን ትከሻ በቀኝ እጁ ያዘ። ጣቶቹ ደካማ ነበሩ፤ ቢሆንም ያዛት።

ከዘራ የያዙ አንዲት ትልቅ ሴት ከሽንት ቤት ወጥተው ሊያልፉ ሲሉ ቆሙ። ሥዕሉን አዩ፤ አባቷን አዩ።

«ገባልህ?» አሉት።

«ገና ነው፣ እናቴ።»

«እኔም የልብሴን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል። ልጄ ነው የሚቆልፍልኝ፤ እሱ ደግሞ ሁሌ አንዱን ይዘላል።»

አባቷ ሳቀ። በየትኛው እጅ እንደሚሞክሩ ጠየቃቸው፤ ሴትየዋም ከዘራቸውን ለእናቷ አስይዘው ማሳየት ጀመሩ። ሁለት ሰዎች ቆመው አዳመጡ፤ ከዚያ አራት ሆኑ። ቀሚሷን ያመጣችው ጎረቤትም ከኋላ ነበረች። ሥዕሉን አይታ ፊቷ ቀላ፤ ሰዉን አልፋ መጥታ ግን አባቷን ጨበጠችው።

ኃላፊዋ በጭንቅ ተሹለክልከው ሚጢ አጠገብ ደረሱ።

«መተላለፊያው ተዘጋ እኮ» አሉ በሹክሹክታ። «ቀለሙም ደርቋል። የልጁን ወዲህ አምጥተን ያንቺን ትልቁ ግድግዳ ላይ እንመልሰው?»

ራዲዮ ሚጢን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ሚጢ ወደ አዳራሹ አየች፤ ከዚያ ወደ አባቷ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጣቱን ከጣቱ እያገጣጠመ ለሴትየዋ አንድ ነገር ያሳያቸዋል። ሴትየዋ መቆም ደክሟቸዋል፤ ማቋረጥ ግን አልፈለጉም።

«እዚሁ ይሁን» አለች። «ሁለት ወንበር ብቻ ልውሰድ።»

መልሱን ሳትጠብቅ ወንበሮቹን ልታመጣ ወደ አዳራሹ ሄደች።